የሞተር መጋዝ፤ ሳይገዙ በፊትና ከገዙ በኋላ

በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። በዘመናችን ግን በወደቀውም ባልወደቀውም ዛፍ ላይ የሚሰማው የምሳር ድምፅ ብቻ አይደለም፤ የሞተር መጋዝ ጩኸት ከገጠሩ መንደር ደርሷል። ቀድሞ ከጣውላ ነጋዴና ከመንገድ ሥራ ድርጅት እጅ የማይወጣው ይህ መሣሪያ ዛሬ አንድ ደመወዝተኛ ቆጥቦ ሊገዛው የሚችል ዕቃ ሆኗል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን የምንመለከተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞተር መጋዝ የሚገዛ ሰው ምን ዓይነቱን መምረጥ እንዳለበትና እንዴት አድርጎ ሊይዘው እንደሚገባ ነው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጽልን አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በሐሳባችን እናቁም። የሚሠራው በመንዝ ጌራ ምድር፣ በመሐል ሜዳ ከተማ ነው እንበል። በወላጆቹ ጓሮ አባቱ የተከሉት ባሕር ዛፍ አለ። ክረምት ሳይገባ የሚቆረጥ ማገዶ፣ ለቤት ማደሻ የሚሆን ወራጅና ማገር፣ የሚሸጥ አጣና ሁሉ ከዚያ ይጠበቃል። ይህ ወጣት ገንዘቡን በከንቱ እንዳያፈስ፣ መሣሪያውን በአንድ በጋ እንዳያቃጥል፣ ከሁሉም በላይ እጅ እግሩን እንዳያጣ ምን ማወቅ ይገባዋል?

መልሳችንን አስቀድመን በአጭሩ እንናገር። ትንሹን መጋዝ ይግዛ፤ ከመጋዙ ጋር ሞረዱን አብሮ ይግዛ፤ የሚኖርበትንም አገር ከፍታ አይርሳ። የቀረው ሁሉ የእነዚህ ሦስት ነገሮች ማብራሪያ ነው።

የመሣሪያው ታሪክ

የሞተር መጋዝ ከእኛ አገር ሳይደርስ ብዙ ዓመታት ተጉዟል። ጀርመናዊው መሐንዲስ አንድሬያስ ሽቲል በ1926 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ አወጣ፤ በ1929 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቤንዚን የሚሠራውን አስከተለ። ይህ የቤንዚን መጋዝ ከ40 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የሚያነሡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንድ ሰው ብቻውን ሊይዘው የሚችለው መጋዝ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

ሞተሩ ቢቀልም ሰንሰለቱ ገና አስቸጋሪ ነበር፤ ቶሎ ይደነዝዝ፣ ለመሳልም ብዙ ጊዜ ይፈጅ ነበርና። ለዚህ መፍትሔ ያገኘው ጆሴፍ ኮክስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው በ1946 እ.ኤ.አ. በኦሬገን ግዛት እንጨት ሲፈልጥ፣ የጥንዚዛ ዕጭ ግንዱን በቁመቱም በአግድመቱም እንደ ልቡ እየቦረቦረ ሲሄድ አየ። ትሉን ወስዶ መንጋጋዎቹን ቢመረምር በግራና በቀኝ እየተፈራረቁ እንደሚቆርጡ ተረዳ። በዚያው አምሳል የሠራውን ሰንሰለት በ1947 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በየመጋዙ ላይ የምናየው፣ አንዱ ጥርስ ወደ ግራ ቀጣዩ ወደ ቀኝ የዞረበት ሰንሰለት የዚያ ልጅ ነው። እንግዲህ እንጨቱን የሚቆርጠው ሞተሩ ሳይሆን ጥርሱ መሆኑን ከታሪኩም እንረዳለን።

በእርግጥ ያስፈልጋልን?

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ከመግዛት በፊት መቁጠር ይቀድማል። በዓመት የሚቆርጠው ዛፍ አሥር ወይም ሃያ ብቻ የሆነ ሰው፣ ጥሩ ምሳርና ሁለት ሰው የሚስበው የእጅ መጋዝ ይበቃዋል፤ ወይም መጋዝ ያለውን ባለሙያ ለአንድ ቀን ቢቀጥር ይሻለዋል። ዘመዳሞች ወይም ጎረቤታሞች ተባብረው አንድ ቢገዙም መልካም ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ የሚስለውና የሚያጸዳው ኃላፊ አንድ ሰው ይሁን፤ የጋራ መጋዝ ባለቤት ካላገኘ በወሩ ይበላሻልና።

ቤቱ መብራት ላለውና ሥራው በግቢ ውስጥ የወደቀ ግንድ መቆራረጥ ብቻ ለሆነ ሰው የኤሌክትሪክ መጋዝ አለ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከቤንዚኑ ይቀንሳል፣ ጢስ የለውም፣ ለከፍተኛ አገርም የሚመች አንድ ጠባይ አለው፤ እርሱንም ከዚህ በታች እንመለስበታለን። ጉድለቱ ከገመዱ ርቆ አለመሄዱና መብራት ሲጠፋ አብሮ መጥፋቱ ነው። በባትሪ የሚሠራውም ዓይነት ለቀላል ሥራ ይበጃል፤ ሆኖም በውርጭ ጧት የባትሪው ጉልበት ስለሚቀንስ ከመሥራታችሁ በፊት ባትሪውን ከቤት ውስጥ አሳድሩት።

አመራረጡ

ወጣት ገዢ ዘወትር የሚሳሳተው ትልቁን በመምረጡ ነው። ለጓሮ ባሕር ዛፍና ለማገዶ ከ30 እስከ 40 ሲ.ሲ. የሚደርስ ሞተር ይበቃል። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ጠፍጣፋ ብረት በዚህ ገጽ ላይ «ምላስ» ብለን እንጥራው። የምላሱ ርዝመት ከ35 እስከ 40 ሣንቲ ሜትር ቢሆን ለጀማሪ በጣም ይበቃዋል። ረጅም ምላስ በትንሽ ሞተር ላይ ሲገጠም መጋዙ ይደክማል፤ ጫፉም ከዓይን ስለሚርቅ ሳይታሰብ ድንጋይ ወይም ሌላ ግንድ ይነካል። ክብደቱንም በሱቅ ውስጥ ለአፍታ አንሥታችሁ አትመዝኑ፤ ይዛችሁ ጥቂት ደቂቃ ቁሙ። በሱቅ ቀላል የመሰለው ዕቃ በተራራ ላይ ከሰዓት በኋላ ይከብዳል።

በገበያ የታወቁ ኩባንያዎችን ስምና ቀለም አስመስለው የተሠሩ መጋዞች ይገኛሉ። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋ ከመከራከር በፊት እነዚህን ጠይቁ። መለዋወጫ ሰንሰለትና ምላስ እዚሁ ይገኛልን? የአየር ማጣሪያውና የማስነሻ ገመዱስ? የመመሪያ መጽሐፉ አብሮ ይሰጣልን? ደረሰኝና ዋስትናስ? መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት የሚያስጠብቅ መጋዝ በርካሽ ቢገዛም ርካሽ አይባልም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሰንሰለቱን ፍሬን መርምሩ። ይህ ከፊተኛው እጀታ ፊት ለፊት የቆመው መከላከያ ነው፤ ወደ ፊት ሲገፋ ሰንሰለቱን በቅጽበት ያቆመዋል። በመጋዞች ላይ መገጠም የተለመደው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን የብዙ ሰው ፊትና አንገት አትርፏል። ፍሬኑ የተሰበረ ወይም ተነቅሎ የወጣ አሮጌ መጋዝ በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳ አትቀበሉ።

የከፍታው ነገር

አሁን በመመሪያ መጽሐፉ በጥቂት መስመር የሚታለፈውን፣ ለመንዝ ሰው ግን ዋናውን ጉዳይ እንመልከት። መሐል ሜዳ የሚገኘው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 7 እጅ ከ10 ያህል ብቻ ነው። የቤንዚን ሞተር ደግሞ እንደ ሰው በአየር የሚኖር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። በፋብሪካው ወረቀት ላይ የተጻፈው የሞተሩ ኃይል መንዝ ሲደርስ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል ማለት ነው። ስለዚህ በደጋ ላይ ረጅም ምላስ መግጠም እጥፍ ስሕተት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ጉልበቱ በከፍታ እንዲህ አይጎድልም፤ ቀደም ብለን የጠቀስነው ጠባዩ ይህ ነው።

ጉዳዩ በጉልበት ማነስ ብቻ አያበቃም። ካርቡራተሩ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ለዝቅተኛ አገር ተብሎ በተስተካከለ መጠን ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ያን ጊዜ መጋዙ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ያንቃል። በዚህ ጊዜ የሚያውቅ መካኒክ የካርቡራተሩን ብሎን በጥቂቱ አዙሮ ቤንዚኑን ይቀንሰዋል፤ መጋዙም ይታረቃል።

አደጋው ከዚህ በኋላ ነው። ለደጋ የተስተካከለውን መጋዝ ይዞ ወደ ጀማ ሸለቆ ወይም ወደ መርሐቤቴ ቆላ የወረደ ሰው፣ ወፍራሙ አየር ከጥቂቱ ቤንዚን ጋር ሲገናኝ ሞተሩ ከልክ በላይ እንደሚግል አያውቅም። መጋዙ ለጊዜው ከወትሮው ይበልጥ ጉልበተኛና ጯሂ ይመስላል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። ነገር ግን ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣ ስለሆነ ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይፋፋቅና ይነክሳል። ፒስተኑ የነከሰ መጋዝ ማሠሪያው ከአዲስ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ መጋዛችሁን ከደጋ ወደ ቆላ ስታወርዱ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ካርቡራተሩን አስተካክሉ፤ ወይም ለሚያውቅ ስጡ። ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ካርቡራተር ያላቸው መጋዞችም አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው።

ቤንዚንና ዘይት

የእነዚህ መጋዞች ሞተር ባለ ሁለት ምት ስለሆነ እንደ መኪና የተለየ የሞተር ዘይት ማስቀመጫ የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይገባል። ብዙዎቹ የሚፈልጉት 50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ነው፤ ይኸውም ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ዘይት አብዝተው እንዲቀላቅሉ የሚያዙ ፋብሪካዎችም ስላሉ የመጽሐፉን ትእዛዝ ተከተሉ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ትልቅ መርፌ ያለ ስለቱ ለዚህ ሥራ ጥሩ መለኪያ ይሆናል። በዓይን ግምት የሚቀላቅል ሰው ግን ሞተሩን በዓይን ግምት ያቃጥለዋል። የሚገባውም የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ነው እንጂ የመኪና ዘይት አይደለም።

በጀሪካን ከሩቅ የመጣ ቤንዚን ውሃና አሸዋ ሊኖርበት ይችላልና በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። የተደባለቀውን ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ አታስቀምጡ። ቤንዚን ስትሞሉ ሞተሩ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ሲጋራም እሳትም አይቅረብ፤ ሞተሩንም ከሞላችሁበት ቦታ ጥቂት ርምጃ ፈቀቅ ብላችሁ አስነሡ።

ሁለተኛው ጋን የሰንሰለቱ ዘይት ማስቀመጫ ነው። ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር እርሱንም ሙሉት። ከጋራዥ በነፃ የሚገኝ የተቃጠለ ዘይት እንዳያታልላችሁ፤ የብረት ብናኝና ቆሻሻ አለበትና የዘይቱን መርጫ ይደፍናል፣ ምላሱን ይበላል፣ የቆዳንም ጤና ይጎዳል። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ የሚዞረውን ሰንሰለት ጫፍ ወደ ነጭ ድንጋይ ወይም ወደ ጉቶ አስጠግታችሁ ሳትነኩ ያዙት፤ ቀጭን የዘይት መስመር ከታየ ደኅና ነው።

ሞረዱ

ሰንሰለቱ መደንዘዙን የሚናገረው ሰጋቱራው ነው። የተሳለ ጥርስ ከግንዱ የሚያወጣው ፍቅፋቂ ወፈር ያለ ነው፤ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ማውጣት ከጀመረ ደንዝዟል። መጋዙን በጉልበት መጫን ካስፈለጋችሁም፣ ቁርጡ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመም ምክንያቱ ያው ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሞተሩን ያማል፤ ወይም ነዳጁን አብዝቶ ያስጮኸዋል። ሞተሩ ግን ምንም አልበደለም።

ለአነስተኛ መጋዞች ብዙ ጊዜ የሚስማማው ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ሞረድ ነው፤ ለሌሎቹ 4.8 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። የሰንሰለቱ ዓይነት በመጽሐፉ ተጽፎ ስለሚገኝ አመሳክራችሁ ግዙ። ሲሳል ምላሱ በግንድ ቁርጥ ላይ ይታሰር፤ ሞረዱ ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይገፋ እንጂ ወደ ኋላ አይጎተት። አብዛኛውን ጊዜ የማዘንበያው ልክ 30 ዲግሪ ሲሆን በጥርሱ ላይ የተቀረጸው መስመር ያመለክታል። ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ቁጥር፣ ሦስት ቢሉ ለሁሉም ሦስት ጊዜ ይሞረድ። መጀመሪያ የአንዱን ወገን ጥርሶች ጨርሱ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ዙሩ። ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ያለችው ትንሽ ጉብታ ጥርሱ ምን ያህል እንደሚጎርስ የምትወስን ናት፤ ብዙ ጊዜ ከተሳለ በኋላ እርሷም በጠፍጣፋ ሞረድ በጥቂቱ ዝቅ ትላለች። አብዝቶ ዝቅ ያደረጋት ግን መጋዙን ራጋጭ ያደርገዋል።

ቤንዚን በተሞላ ቁጥር ጥቂት መሳል፣ ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ደክሞ ከመሳል ይቀላል። አንድ ጊዜ አፈር የነካ ሰንሰለት ወዲያው ይደነዝዛልና መሬት ላይ የተኛ ግንድ ስትቆርጡ ከሥሩ ድጋፍ አግቡበት። መንዝ ድንጋዩ ብዙ ነው።

የሰንሰለቱ ውጥረትም በየቀኑ ይታይ። ሰንሰለቱ ከምላሱ ሥር ተንጠልጥሎ አይታይ፤ ነገር ግን በጓንት ሲሳብ በቀላሉ ይሂድ። ሥራ ስታበቁ ጥቂት አላሉት፤ የጋለ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ተወጥሮ ያደረ ሰንሰለት ሞተሩን ይጎዳል። የአየር ማጣሪያውን በየቀኑ አራግፉ፤ ምላሱን አልፎ አልፎ ገልብጣችሁ ግጠሙት፤ ባንድ ወገን ብቻ እንዳይበላ። ክረምቱን ሙሉ የማይሠራ ከሆነ ቤንዚኑን አፍስሱና ሞተሩ እስኪጠፋ አስነሥታችሁ ተዉት፤ ከዚያም በደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ራስን መጠበቅ

ይህ ዕቃ እንደ በቅሎ ይራገጣል። የምላሱ ጫፍ ላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መጋዙ በዓይን ጥቅሻ ወደ ያዘው ሰው ፊት ይወረወራል። ስለዚህ በጫፉ አትቁረጡ፤ ሁልጊዜ በሁለት እጅ ያዙ፤ የግራ እጃችሁ አውራ ጣት ፊተኛውን እጀታ ከሥር ይክበበው። ከትከሻ በላይ አንሥታችሁ አትቁረጡ፤ መሰላል ላይ ወጥታችሁም አትሞክሩት። ስታስነሡ መጋዙን መሬት ላይ አኑሩ፣ ፍሬኑን ያዙ፣ የኋለኛውን እጀታ በቀኝ እግር ረግጣችሁ ገመዱን ሳቡ።

የደጋው ብርድ ቢያስቸግርም ጋቢ፣ ነጠላ፣ በርኖስ ወይም ያንገት ልብስ ለብሶ ይህን መጋዝ መያዝ ክልክል ነው፤ ሰንሰለቱ የጨርቅ ጫፍ ካገኘ ሰውየውን ይዞ ይመጣል። ገጠም ያለ ልብስ፣ ጠንካራ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ የራስ ቁርና የጆሮ መከላከያ ያስፈልጋል። ጩኸቱ ከ100 ዴሲቤል ስለሚበልጥ ያለ መከላከያ የሠራ ሰው ጆሮ ቀስ በቀስ ይደነቁራል። ብቻችሁንም አትሥሩ፤ የሚጠራ ሰው ከድምፅ ርቀት አይጥፋ።

ዛፍ ሲጣል አስቀድሞ የሚወድቅበትና የምትሸሹበት መንገድ ይታወቅ። የመሸሻው መንገድ ከመውደቂያው በተቃራኒ፣ ወደ ኋላ በሰያፍ ይሁን። በዛፉ ቁመት እጥፍ ርቀት ውስጥ ልጅም ከብትም አይኑር። መጀመሪያ በመውደቂያው ወገን የግንዱን ውፍረት ሩብ ያህል አፍ ክፈቱ። ቀጥሎ ከኋላ፣ ከአፉ ወለል ጥቂት ከፍ ብላችሁ ቁረጡ። ነገር ግን በሁለቱ ቁርጦች መካከል ከግንዱ ውፍረት አንድ አሥረኛ የሚሆን እንጨት ሳይቆረጥ ይቅር፤ ዛፉን እንደ በር ማጠፊያ እየመራ የሚያወርደው እርሱ ነውና። ይህን ማጠፊያ ቆርጦ የጣለ ሰው ዛፉ ወዴት እንደሚሄድ ማዘዝ አይችልም። ነፋስ በተነሣ ቀን ከነጭራሹ አትጀምሩ። ከሌላ ዛፍ ላይ ተንጋልሎ የቀረ ዛፍም ቢያጋጥም ከሥሩ አትግቡ።

ጉቶውና የነገው ዛፍ

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገብቶ እንዲህ የተወደደው ቶሎ በማደጉ ብቻ አይደለም፤ ከጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥም ነው። ስለዚህ አቆራረጡ የነገውን ዛፍ ይወስናል። ጉቶው ከመሬት 10 ሣንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይቅር፤ ዝናብ እንዳያቁር ቁርጡ ጥቂት ዘንበል ይበል፤ ልጡ አይላጥ። የተሳለ መጋዝ ይህን ከምሳር አሳምሮ ይሠራል፤ የደነዘዘ ግን ልጡን ይቦጫጭቃል። ቡቃያው ሲወጣ ከብት እንዳይደርስበት አጥሩ፤ በኋላም ቀጥ ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት አስቀርታችሁ ሌሎቹን ልቀሙ።

የጓሮ ባሕር ዛፍና የአገር በቀል ዛፍ ግን አንድ አይደሉም። የሐበሻ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ላይ መጋዝ ከማንሣት በፊት የወረዳውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። ስለ ደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የወጣ አዋጅ ቁጥር 1065/2010 አለ፤ የመንግሥት ሠራተኛም ሕግን ለማክበር የመጀመሪያው ሊሆን ይገባዋል።

የመንዝ ሰው ይህን ከማንም መማር አያስፈልገውም። ከመሐል ሜዳ ብዙም የማይርቀው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በአስቦና በጌራ ተወላጆች ሥርዓት ይጠበቅ እንደ ነበር ይነገራል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ይፈለግ ነበር፤ ነገር ግን መሬቱ ለዓመታት ይዘጋና በተቆረጠ ቀን ብቻ ይከፈት ነበር። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት ለውጥ ቢፈርስም፣ በኋላ ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ በማቋቋሙ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እስከ ዛሬ በዚያ ይታያሉ። የቀድሞዎቹ ሰዎች መሣሪያ ማጭድና ምሳር ብቻ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ በሁለት ደቂቃ የአሥር ዓመት ዛፍ የሚጥል ዕቃ የያዘ ሰው ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባው ይሆን?

እንግዲህ የምሳሌያችን ወጣት ደመወዙን ይዞ ወደ ሱቅ ሲሄድ ትንሽ መጋዝ፣ አንድ ትርፍ ሰንሰለት፣ ልኩ የታወቀ ሞረድ፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ ይግዛ። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃው እንደሆነ የሚቀነሰው ከመጋዙ ትልቅነት ይሁን እንጂ ከመከላከያው አይሁን። በሚመጣው ክረምትም በሚቆርጠው ዛፍ ልክ ችግኝ ይትከል፤ መጋዙ ሥራውን አፋጥኖለታልና ለመትከያ የሚሆን ጊዜ አያጣም።